ሲአርኤስ326 ወይስ ሲኤስኤስ326? ሶፍትዌር ለሚነካው ስዊች

"የማይክሮቲክ ባለ 24 ፖርቱን ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ሲአርኤስ326 እና ሲኤስኤስ326 ሁለቱም የማይክሮቲክ ስዊቾች (ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኙ ዕቃዎች) ናቸው፤ የኔትወርክ ፖርታቸውም ፍጥነታቸውም አንድ ነው። በፋብሪካው ዋጋ የሚለያቸው ሃምሳ ዶላር አካባቢ ነው። ምንዛሬው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ሃምሳ ዶላር ቀላል ብር አይደለም። ቢሆንም ሞኒተሪንግ ይሁን ቢሊንግ፣ ስዊቹ ውስጥ የሚገባ ሶፍትዌር ካላችሁ ሲአርኤሱን ግዙ።

ሲኤስኤሱ ያለው አንድ አድሚን፣ አንድ ፓስወርድ ነው። ከየትኛው አይፒ፣ ከየትኛው ፖርትና ቪላን (አንዱን ስዊች ወደ ተለያዩ ኔትወርኮች መክፈያ) እንደሚገባ መገደብ ትችላላችሁ። ከገባ በኋላ ምን እንደሚነካ ግን መገደብ የለም። የፖርት ሁኔታ እንዲያነብ ብላችሁ ፓስወርዱን የሰጣችሁት ስክሪፕት ቪላናችሁን አፍርሶት ሊያድር ይችላል። ትራፊክ ማየት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ኤስኤንኤምፒው (የስዊቹን ሁኔታ ከርቀት መጠየቂያው) ያነባል እንጂ አይጽፍም። ያኔ ሲኤስኤሱ ይበቃል፤ ብራችሁን አታባክኑ።

ሲአርኤሱ ለየዩዘሩ የተለየ ፈቃድ መስጠት የሚቻልበት፣ ራውተር ኦኤስ የሚባለው የማይክሮቲክ ሲስተም አለው። ለሶፍትዌሩ የራሱን ግሩፕ ክፈቱለትና "ሪድ" (ማንበብ) እና "ኤፒአይ" (ለሶፍትዌር የተሠራው መግቢያ) ብቻ ፍቀዱለት። "ራይት" (መለወጥ)፣ "ፖሊሲ" (የዩዘሮችን ፈቃድ ማስተዳደር) እና "ሴንሲቲቭ" (እንደ ፓስወርድ ያለ ሚስጥር ማየት) አይሰጠው። ዩዘሩን ከሰርቨሩ አይፒ ውጭ እንዳይገባ እሰሩት። ያልተመሰጠረውን የኤፒአይ ፖርት 8728ን ዘግታችሁ የተመሰጠረውን 8729ን በሰርተፍኬት ክፈቱ፤ ሳይመሰጥሩ የሚያስገቡትን ቴልኔትና ኤፍቲፒን አጥፉ። አፕዴት ደግሞ አትዝለሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በዊንቦክስ (የማይክሮቲክ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) ቀዳዳ የተጠለፈው ማይክሮቲክ ብዛት ቀላል አልነበረም።

"ያገለገለ ሲስኮ 2960-ኤክስ በርካሽ አገኘሁ" ለምትሉኝ፣ ያንን ስዊች እኔ አልገዛም። እ.ኤ.አ. በ2020 የሳይበር ደኅንነት ኩባንያው ኤፍ-ሴኪዩር ሁለት ፎርጅድ 2960-ኤክስ መርምሮ ነበር። የተነቃባቸው ሶፍትዌራቸው ሲታደስ መሥራት ስላቆሙ ነው። የሶፍትዌሩን ትክክለኛነት የሚያጣራውን ፍተሻ እንዲያልፉ ተደርገው የተሠሩ ነበሩ። እንዲህ ባለ ዕቃ ላይ የፈለጋችሁትን ቁልፍ ብታደርጉ ምን ዋስትና አላችሁ? ፓወር ሰፕላዩም ውስጡ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከተቃጠለ መፍታትና መለዋወጫ ማሰስ ነው። ማይክሮቲኮቹ ግን በውጭ አዳፕተር ነው የሚሠሩት፣ ከ10 እስከ 30 ቮልት ይቀበላሉ። ባለ 24 ቮልት ገዝቶ መሰካት ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ካርቶኑን አትመኑ። ለአንድ ጓደኛዬ በሲአርኤስ ዋጋ ሲኤስኤስ ሸጠውለታል። የዕቃውን ተለጣፊ አንብቡ፤ ከዚያም የኮንሶል ፖርት (ስዊቹን በቀጥታ በገመድ ማስተዳደሪያ) ፈልጉ። ሲኤስኤሱ ላይ የለም።