የልጄን ኮሌጅ ላገኙልን የትምህርት ቤት አማካሪ

ልጄ በዚህ ወር መጨረሻ ፔንሲልቬኒያ በሚገኘው ስዋርዝሞር ኮሌጅ ፊዚክስ ለመማር ትሄዳለች። ሻንጣዋ ሳሎን ውስጥ ተከፍቶ ተቀምጧል። እሷን ከመሸኘቴ በፊት ግን ለአንዲት ሴት በአደባባይ ምስጋና ማቅረብ አለብኝ፤ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም እኔ ዘግይቼ ያወቅሁትን በጊዜ እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

የማመሰግናቸው ሴት እዚህ ሜሪላንድ፣ በሞንትጎመሪ አውራጃ፣ ልጄ በተማረችበት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፍም። «ሥራዬ ነው» ነው ያሉኝ። ሥራቸው መሆኑን አውቃለሁ፤ አንድ ሳንቲም እንኳ አልጠየቁኝም። ነገር ግን ለሌላ ሰው ልጅ የራሳቸው እስኪመስል ድረስ እንዲህ የሚደክሙ ሰዎች ብዙ አላየሁም።

እኔ ቀን ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ፤ በሳምንት አራት ማታ ደግሞ አንዲት አረጋዊት እንከባከባለሁ። ልጄን ያሳደግኋት ብቻዬን ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክስ ከአፏ አይጠፋም። ቡና ሳፈላ አጠገቤ ቁጭ ትልና ቡናው ለምን በጀበናው አንገት ገንፍሎ እንደሚወጣ፣ አንገቱ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ታስረዳኛለች። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ነርስነት ትማር፣ ፊዚክስ እንጀራ አይሆንም» ይለኝ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር። ድሀ ቤት ውስጥ ልጅ የወደደችውን ትምህርት ስትመርጥ እናት ደስታዋንና ፍርሃቷን መለየት ያቅታታል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ «ኮሌጅ እናስገባለን» ለሚል ድርጅት 600 ዶላር ከፈልኩ። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ሞሉልን። ይህ ማመልከቻ በነጻ የሚሞላ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከዚያ በቅርብ የሚገኙ የጥቂት ኮሌጆችን ዝርዝር ሰጡን። ልጄን ስለ ፊዚክስ አንድም ጥያቄ አልጠየቋትም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ጎበዝ ተማሪዎችን የአራት ዓመት ሙሉ ወጪ ከሚሸፍኑ ኮሌጆች ጋር የሚያገናኘው ክዌስትብሪጅ ማመልከቻውን የሚዘጋው በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው፤ እኛ ስሙን የሰማነው ከተዘጋ በኋላ ነበር። ያ አሁንም ይቆጨኛል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን አሁኑኑ ጠይቁ።

አማካሪዋ ጋ የገባነው በኦክቶበር ነው። ልጄ እንደ ልማዷ ልታስተረጉምልኝ ወንበር ስባ ስትቀመጥ፣ በእርጋታ አስቆሟትና በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ አገናኙኝ። የቤታችንን የገንዘብ ነገር ልጅ ማስተርጎም እንደሌለባት፣ ትምህርት ቤቱ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ እንዳለበት ነገሩኝ። የአውራጃችን ትምህርት ቤቶች በአማርኛ ያስተረጉማሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም ነበር። በዚያ ቀን ግን በልጄ ፊት ልናገረው የማልደፍረውን ሁሉ፣ ዕዳዬን ጭምር፣ ተናገርኩ።

ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ አነሡ። የክልላችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከነመኖሪያውና ከነምግቡ በዓመት ወደ 30 ሺህ ዶላር ይጠጋል። ስመ ጥር የግል ኮሌጆች ከ80 ሺህ በላይ ይጠይቃሉ። ይህን ስሰማ ልነሣ ነበር። እሳቸው ግን ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኮሌጆች በድረ ገጻቸው ላይ እንዲያኖሩት በሕግ የተገደዱበትን የወጪ ማስያ ከፈቱ። ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር ይሉታል። የእኔን ገቢ፣ የቤተሰባችንን ቁጥር አስገቡ። ከ80 ሺህ በላይ የሚጠይቀው ኮሌጅ ለእኛ ከ30 ሺሁ ይልቅ በብዙ የሚቀንስ ሆኖ ወጣ! ስህተት መስሎኝ ደግመው እንዲያስገቡት ጠየቅኋቸው፤ ደግመው አስገቡት። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ፣ አንዳንድ ኮሌጆች ቤተሰቡ ሊከፍል ይችላል ብለው ከገመቱት በላይ ያለውን ወጪ በሙሉ ለመሸፈን ቃል ይገባሉ። ስዋርዝሞር ይህን የሚያደርገው ብድር ሳይጨምር ነው፤ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው ተማሪዎች ሲያመለክቱም የመክፈል አቅማቸውን ለመቀበል መመዘኛ አያደርገውም። ሌሎች ኮሌጆች ደግሞ ተማሪውን ይቀበሉና ቤተሰቡ ሊሞላው የማይችል የገንዘብ ክፍተት ይተዋሉ። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ ትልቁ መጠን በዓመት 7,395 ዶላር ስለሆነ ብቻውን ያንን ክፍተት አይሞላውም።

በጣም የከበደን የአባቷ ነገር ነበር። ፋፍሳ ከእኔ ጋር የማይኖረውን አባት ገቢ አይጠይቅም፤ ብዙ የግል ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው ሌላ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ግን ይጠይቃል። አባቷ የት እንዳለ እንኳ አናውቅም። በዚህ ምክንያት ብቻ የግል ኮሌጆችን ሙሉ በሙሉ ልንተው ነበር። አማካሪዋ ከዚህ ግዴታ ነጻ ለመሆን የሚቀርብ ማመልከቻ እንዳለ፣ ከቤተሰቡ ውጭ ሆኖ ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው የምስክርነት ደብዳቤ እንደሚያስፈልገው ያውቁ ነበር። ደብዳቤውን ራሳቸው ጻፉልን። ደሴ ላሉት እናቴ በየወሩ የምልከውን ገንዘብ ጭምር ጠየቁኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ኮሌጆች ሊቀበሉትም ላይቀበሉትም እንደሚችሉ ነግረውኝ፣ ልዩ ሁኔታ በሚለው ቦታ ላይ እንድንጽፈውና የሐዋላ ደረሰኞቹን እንድናዘጋጅ አደረጉ።

ስለ ፊዚክሱ ደግሞ የማያውቁትን አላውቅም ብለው የትምህርት ቤቱን የፊዚክስ መምህር ጠርተው አብረን ተቀመጥን። ያዘጋጁላት ጥያቄዎች ማንም የፊዚክስ ተማሪ ሊይዛቸው የሚገቡ ናቸውና ልንገራችሁ። በየዓመቱ ስንት ተማሪ በፊዚክስ ይመረቃል? ኳንተም ሜካኒክስና ኤሌክትሮማግኔቲዝም የሚባሉት የፊዚክስ ኮርሶች በየዓመቱ ይሰጣሉ ወይስ በየሁለት ዓመቱ? በሁለት ዓመት አንዴ ከሆነ አንድ ሴሚስተር ያመለጠው ልጅ መመረቂያው ሊዘገይ ይችላል። ካልኩለስ የሚባለውን ሒሳብ በሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ፊዚክስ መጀመር ይችላል? በክረምት ከመምህራን ጋር የሚደረገው ምርምር ክፍያ አለው? ይህ የመጨረሻው የእኛ ዓይነት ቤት ጥያቄ ነው፤ ልጄ ክረምቱን ሥራ ሳትሠራ ማሳለፍ አትችልም። የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የሚደግፋቸው የክረምት ምርምሮች አበል እንደሚከፍሉ ያወቅነው በዚያ ስብሰባ ነው። በአሜሪካ የፊዚክስ ዶክትሬት ተማሪዎችም አብዛኛውን ጊዜ በረዳት መምህርነት ወይም በምርምር ረዳትነት እየተከፈላቸው እንደሚማሩ መምህሩ ሲነግሩኝ፣ ስለ እንጀራው የነበረኝ ፍርሃት ግማሹ ለቀቀኝ።

ስዋርዝሞር ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ተማሪዎቹ 2,000 አይሞሉም። የዶክትሬት ተማሪ ስለሌለ ቤተ ሙከራው ውስጥ ከመምህራኑ ጋር የሚሠሩት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተካፈሉት ጆን ማዘር እ.ኤ.አ. በ1968 የተመረቁት ከዚያ ነው፤ የሠሩትም እዚሁ ጎረቤታችን ግሪንቤልት ባለው የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ነው። እኔ በዚያ ደጃፍ በአውቶቡስ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ! ልጄ ይህን ስታውቅ ለሳምንት ያህል ሌላ ወሬ አልነበራትም። ኮሌጁ የትራንስፖርት ወጪውን ችሎ ተማሪዎችን የሚያስጎበኝበት ፕሮግራም ስላለው ግቢውን ያየችው እኔ ምንም ሳልከፍል ነው።

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን ግን ማንም እንዳይንቅ። የፊዚክስ ክፍሉ ትልቅና የተከበረ ነው፤ አማካሪዋም ከዝርዝራችን አላወጡትም። የሁለት ዓመት በሆነው የአውራጃችን ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀምሮ ወደዚያ መዛወርም ጥሩ መንገድ ነው፤ ፊዚክስ ትምህርቱ እርስ በርሱ የተያያዘ ስለሆነ ካልኩለሱንና በካልኩለስ የሚሰጠውን ፊዚክስ ከመጀመሪያው ዓመት መያዝ ግድ ነው። ለሌላ ቤተሰብ ይህ ከእኛ ምርጫ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

በማርች መጨረሻ ደብዳቤዎቹ ሲመጡ አማካሪዋ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የማይመለሰውን ስጦታ በአረንጓዴ፣ ብድሩን በቀይ፣ ተማሪዋ ሠርታ የምታገኘውን በቢጫ ቀለም አሰመሩ። አንደኛው ኮሌጅ ትልቅ ቁጥር ጽፎ ደስ አሰኝቶን ነበር፤ ግማሹ በቀይ ተሰመረ። የስዋርዝሞሩ ወረቀት ላይ ቀይ አልነበረም። እኔ በዓመት የምከፍለው 3,000 ዶላር አይሞላም፤ በየወሩ እየከፋፈልኩ እችለዋለሁ። ልጄ አቀፈችኝ፤ አማካሪዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩላቸው። ለብቻቸው ስጦታ መቀበል እንደማይችሉ ነግረውኝ ለቢሮው ሁሉ ቆርሰው አካፈሉ።

ልጆቻችሁ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ ወላጆች፣ ለማንም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርት ቤታችሁን አማካሪ ቀጠሮ ጠይቁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳያልቅ፣ በጸደይ (በማርች ወይም በኤፕሪል) ብትሄዱ ይሻላል። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። የግብር ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ኑሯችሁንም ሳታፍሩ ንገሯቸው። እኔ ያገኘኋቸው አማካሪ ያሉበት ትምህርት ቤት ልጆቻችሁን የምትልኩ ደግሞ ማንን እንደምል ገብቷችኋል፤ በራቸውን ሳትፈሩ አንኳኩ።

እመቤቴ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። በስልክ ድምፅህን ብቻ የማውቅህ፣ በአምስት ቀጠሮ ሁሉ አንዲት ቃሌን ሳትጥል ያደረስህልኝ አስተርጓሚ ወንድሜ፣ ስምህን ሳልጠይቅህ ቀረሁ። ይህን ካነበብህ፣ ያቺ ልጅ ገብታለች።