የግንፍሌው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት አመንትቻለሁ። ምክንያቱም ብስክሌቴን የሠሩልኝ ሰውዬ "ሰው እንዳታበዥብኝ" ብለው አስጠንቅቀውኛል። ስማቸውንም ስልካቸውንም እንደማልለጥፍ ቃል ገብቻለሁ፤ እጠብቀዋለሁ። ግን ብስክሌት ገዝቶ ሁለቴ ነድቶ፣ ከዚያ ሸራ አልብሶ በረንዳ ላይ ያቆመ ሰው በዚህ ከተማ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም አንዷ ልሆን ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። እዚያ ብስክሌት ብርቅ አይደለም፤ ተማሪውም አስተማሪውም ይነዳል። እኔም ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የተመላለስኩት በብስክሌት ነው። ባሕር ዳር ግን ሜዳ ናት። አዲስ አበባ ስመጣ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለው አየርና ዳገቱ ተባብረው አስረሱኝ። ሀሳቡ የተመለሰልኝ ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ አድርጎ ወደ ቦሌ የሚሄደው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ታድሶ የብስክሌት መስመር ሲወጣለት ነው። ቤቴ ግንፍሌ፣ መሥሪያ ቤቴ ለገሃር። ከአምስት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ለዚች መንገድ ጠዋት ጠዋት ከታክሲ ሰልፍ ጋር የማሳልፈውን ጊዜ ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

ከሥራ ባልደረባዬ ላይ ባለ 26 ኢንች ጎማ ያገለገለ ማውንቴን ብስክሌት ገዛሁና አንድ ሱቅ አስገባሁት። ስሙን አልጠራም። አጥበው፣ አብለጭልጨው፣ የስልክ ማንጠልጠያ፣ የጠርሙስ መያዣ፣ በየቀለሙ ብልጭ ድርግም የሚል የጎማ መብራትና ጓንት ሸጠውልኝ ሸኙኝ። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ሂልተን ጋ ዳገቱን ተነሥቼ ስገፋ የግራው ፔዳል ከእግሬ ጋር ተነቅሎ ወጣ። ጉልበቴ ተላጠ፤ ሱሪዬ ተቀደደ፤ አንዲት ቆሎ የምትሸጥ ልጅ ናት ደግፋ ያነሣችኝ። ፔዳሉን በቦርሳዬ ከትቼ ብስክሌቱን እየገፋሁ እስከ ግንፍሌ ሄድኩ።

ጋሼ ያሉባትን ኮንቴይነር አራት ዓመት ሙሉ አልፌያታለሁ። በሯ ላይ ቸርኬ በቸርኬ ስለተንጠለጠለ የቁራሌው ዕቃ ማጠራቀሚያ ትመስለኝ ነበር። ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ጎማ ይለጥፋሉ። "ጋሼ እንደምን ዋሉ" አልኳቸው። ሰላምታዬን በአንገታቸው ተቀብለው ፔዳሉን ከእጄ ወሰዱና "ማነው ይቺን ያጠበቃት?" አሉ። ቀጥሎ ያሳዩኝን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ብስክሌት ስነዳ ኖሬ አላውቀውም ነበር። የቀኝ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ይጠብቃል፤ የግራው ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ሲነዳ ራሱን እንዳይፈታ ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። እዚያ ሱቅ ያሉት ልጆች ይህን ሳያውቁ ወደ ቀኝ ታግለውት፣ ጠምዘዝ ብሎ ሲገባላቸው በረጅም ቁልፍ አስገድደውታል። ፔዳሉ ብረት፣ የሚገባበት ክንድ ደግሞ አሉሚኒየም ስለሆነ የክንዱን ጥርስ ሙልጭ አድርጎ በልቶታል። በጣቴ አስዳሰሱኝ፤ ልክ እንደ ቧንቧ ለስልሷል።

"ታዲያ ስንት ይሆናል ጋሼ?" አልኩ።

"እሱን ተይው። መንገድሽን ንገሪኝ።"

"የቱን መንገድ?"

"ጠዋት የምትሄጂበትን። ማታ የምትመለሺበትን። ምን ትይዣለሽ? ምን ትለብሻለሽ? የት ታቆሚዋለሽ?"

ነገርኳቸው። ከአራት ኪሎ ፓርላማውን፣ ቤተ መንግሥቱን አልፌ ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ በስታዲየም በኩል ለገሃር። ማታ ያንኑ ሽቅብ። ምሳ ዕቃ እይዛለሁ፣ ላፕቶፕ እይዛለሁ፣ አንዳንዴ ቀሚስ እለብሳለሁ። ሰምተው ሲጨርሱ ብስክሌቱን ዞር ብለው አዩት። "ጠዋት የሚያስፈልግሽ ፍሬን ነው፤ ማታ ማርሽ ነው፤ ክረምት ሲገባ ፓራፋንጎ ነው። ሦስቱንም አልሠሩልሽም። ይሄ ሁሉ አሸንክታብ ለማነው?" ብለው የስልክ ማንጠልጠያውን ፈትተው እጄ ላይ አስቀመጡት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፈርኩ።

ከሁሉ በፊት ያደረጉት ነገር ሳንቲም አላስወጣኝም። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፈው አስቀመጡኝና ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አድርጌ ወደ ኋላ እንዳዞር አዘዙኝ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሬ ቀጥ ማለት አለበት፤ ከዚያ በእግሬ ፊት ስረግጥ ጉልበቴ ትንሽ ታጥፎ ይቀራል። የኔ ኮርቻ ዝቅ ብሎ ጉልበቴ ደረቴን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። አራት ጣት ያህል ከፍ አደረጉት። ዳገቱ የከበደኝ በሳንባዬ ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

ፍሬኑ ላይ ግን ግማሽ ቀን ፈጁ። የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን መያዝ ሲገባው ከፍ ብሎ ታስሮ የጎማዬን ጎን ሲፍቅ ከርሟል፤ ሌላ ወር ብነዳበት ጎማው ቁልቁለት ላይ ይፈነዳ ነበር። ገመዱንም ሽፋኑንም ለወጡ። አዲሱን የፍሬን ጎማ ሲያስሩ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ቀደው ከኋላ ጫፉ ሥር ሸጎጡ፤ ፍሬኑን ጨብጬ እንድይዝ አደረጉኝና ብሎኑን አጠበቁ። ካርቶኑን ሲያወጡት የፍሬኑ ጎማ የፊት ጫፍ ቀድሞ ይነካል። ያ የሚያሳፍረው ጩኸት ጠፋ። "ዝናብ ሲሆን መጀመሪያ የሚይዘው ውሃውን ነው፤ ቸርኬው እስኪጠረግ አይቆምልሽም። ስለዚህ ቀድመሽ ያዢ። ቁልቁለቱን ሙሉ ጨብጠሽ አትውረጂ፤ ያዝ ለቀቅ አድርጊ" አሉኝ። ሐምሌ ላይ ቤተ መንግሥቱ ጋ ስወርድ በየቀኑ በሆዴ አመሰግናቸው ነበር።

ሰንሰለቱን በማስመሪያ ሲለኩት ሳቄ መጣ፤ ሸማ የሚለኩ ነበር የሚመስሉት። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ከአንዱ ችንካር መሐል ተነሥቶ 12 ኢንች ላይ ልክ ሌላ ችንካር መውደቅ አለበት። በአንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ካለፈ ሰንሰለቱ ይቀየራል፤ አንድ ስምንተኛ ከደረሰ የኋላውን ጥርስም አብሮ በልቶታል። የኔ አንድ ስምንተኛውን ሞልቷል። እዚያ ሱቅ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀብተውት ስለነበር አቧራውን እንደ ሊጥ ጠቅልሎ ይዞታል። "ካልቀረ ዳገትሽን የሚያቀልል እናድርገው" ብለው፣ የማርሽ መቀየሪያው መቻሉን አይተው፣ ትልቁ ባለ 34 የሆነ የኋላ ጥርስ ጻፉልኝ። ፊት ያለው ትንሹ 28 ነው። ማለትም ፔዳሉን አንድ ዙር ሳዞር ጎማው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም። ቀስ ይላል፤ ግን ተቀምጬ እወጣዋለሁ። ከአፍሪካ አዳራሽ በላይ ያለውን ዳገት እየገፉ የሚወጡ ጎረምሶችን ሳልፍ ደስታዬን መደበቅ አልችልም፣ ይቅር ይበለኝ።

"ጻፉልኝ" ያልኩት በምክንያት ነው። ዕቃ አይሸጡም። ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው መርካቶ ይልካሉ፤ ይህን ያህል ካሏችሁ ተመለሱ ብለው ዋጋውንም ያስጠነቅቃሉ። የተበላውን የፔዳል ክንድ ደግሞ ራሳቸው ምናለሽ ተራ ወርደው ካገለገለ ብስክሌት ላይ የወጣ አገኙልኝ። ከኔ ብስክሌት የወለቀውን አሮጌ ሁሉ በፌስታል ቋጥረው አስረከቡኝ። ይህን የሚያደርግ የመኪና ጋራዥ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ጎማውን ከጥርሳሙ ወደ ለስላሳው ለወጡት፤ አስፋልት ላይ ጥርሱ ጉልበት ከመብላት ሌላ ጥቅም የለውም። የውስጥ ጎማው መንፊያ እንደ መኪና ወፈር ያለው ዓይነት እንዲሆን አጥብቀው ነገሩኝ፤ ቀጭኑን ማንም ጎሚስታ አይሞላላችሁም። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ግን እጁን ያዙት። የከባድ መኪና ኮምፕረሰር የብስክሌት ጎማን በሰከንድ ያፈነዳል፤ የሚችለው የአየር ግፊት ልክ ጎኑ ላይ ተጽፏል። የኔ ላይ 40–65 ፒኤስአይ ይላል፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያርፍ ከፊቱ የኋላውን ትንሽ አጠንክሬ እይዛለሁ።

ፓራፋንጎውን ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ነው። ገበያ ላይ ያሉት አጫጭር ስለሆኑ ጭቃው ከሥር አምልጦ ጫማ ላይ ያርፋል። ጋሼ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርጠው፣ በጋለ ምስማር በስተው፣ የፊተኛው ጫፍ ላይ እስከ መሬት ሊደርስ የቀረበ ምላስ አሰሩለት። አያምርም። ቢሮ "ዘይቷ መጣች" እያሉ ይቀልዱብኛል። ክረምቱን ሙሉ ግን ጫማዬ ሳይበላሽ ቢሮ የገባሁት እኔ ነኝ እንጂ እነሱ አይደሉም። ቀሚስ እንደምለብስ ስለነገርኳቸው ደግሞ ከኋላው ጎማ ግራና ቀኝ የፕላስቲክ መረብ ወጥረው አሰሩ። "ነጠላሽን ግን ቦርሳ ውስጥ፤ መረብም አያድነውም" አሉ ኮስተር ብለው።

ዕቃ መጫኛውን በተመለከተ አንድ ቀን ምክራቸውን አልሰማሁም። ቦርሳውን በጎን አንጠልጥለሽ ዝቅ አድርጊው፣ ምሳ ዕቃውን አቁመሽ እሰሪው ብለውኝ ነበር። ቸኮልኩና ከላይ አጋድሜ አሰርኩት። ሽሮው ስታዲየም ሳልደርስ ፈሰሰ። ላፕቶፑ ተረፈ፤ የሒሳብ ሰነዶቹ ግን እስከ ዛሬ ቁሌት ቁሌት ይሸታሉ። አሁን ካረጀ የውስጥ ጎማ ቆርጠው በሰጡኝ ላስቲክ ጥፍር አድርጌ ነው የማስረው።

መብራት ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ፤ ቢሮ ቻርጅ አደርጋለሁ። የፊት ጎማው በእጅ የሚፈታ ስለነበር በብሎን ቀየሩት፤ ቁልፉን ደግሞ ፍሬሙንና የኋላውን ጎማ አንድ ላይ እንዲይዝ አስተማሩኝ። ሄልሜት አዲስ ግዢ፣ ከወደቀ አትጠቀሚበት ብለዋል። ከዚህ ሌላ ምንም አላስገዙኝም።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። "ነገ ነይ" ካሉ ሦስት ቀን ነው። ስልክ አያነሡም። ቴሌብር አይቀበሉም። ይቆጣሉ፤ ሰንሰለቱን ሳታጸዱ ከሄዳችሁ በሰው ፊት ያዋርዷችኋል። ወሬም ይወዳሉ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ፣ ሜልቦርን ስትሄድ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች እንደነበሩ ለመጣው ሕፃን ሁሉ ይተርካሉ። እኔ አምስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሲተርኩ ደግሞ እጃቸው ሥራ ያቆማል።

ለዚያ ሁሉ ልፋት የእጄ ብለው የጠየቁኝ 1,200 ብር ነው። ስጨምርላቸው መለሱልኝ። ይኸው ስምንተኛ ወር ሆነኝ፣ ክረምቱንም ጨምሮ። ጠዋት ሩብ ሰዓት አይሞላኝም፤ ማታ ዳገቱን እያረፍኩ 25 ደቂቃ። አንዴ ብቻ ጎማ ተበሳብኝ።

የት እንደሆነ ለምትጠይቁኝ፦ ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ድልድይ ስትወርዱ ቸርኬ የተንጠለጠለበት ሰማያዊ ኮንቴይነር ነው። ለሥራ የምትለብሱትን ለብሳችሁ፣ የምትይዙትን ቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማየታቸው አይቀርም። ከሰዓት ብትሄዱ ይሻላል፣ ጠዋት የተማሪዎችን ጎማ ነው የሚለጥፉት። ሻይ ካዘዛችሁላቸው ያለ ስኳር ይሁን።