አሮጌ ስዊች ወይስ አዲስ? ቀኑን ሙሉ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው የኪቦርድ ምርጫ

«ሰላም» ወረቀት ላይ ሦስት ፊደል ነው። ኪቦርድ ላይ በድምፅ ዘዴ ስንጽፈው ግን አምስት ምት ይጠይቃል፤ ለ«ሰ» ሁለት፣ ለ«ላ» ሁለት፣ ለ«ም» አንድ። አብዛኛው ፊደላችን እንዲህ ሁለት ሁለት ምት ስለሚበላ ቁልፎቹ፣ በተለይ አናባቢዎቹ፣ እረፍት የላቸውም። እኔ የምሠራው ትርጉም ነው፤ በቀን ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ኪቦርድ ላይ እውላለሁ። ገበሬ የማረሻውን ጠባይ እንደሚያውቅ፣ እኔም ከቁልፉ ሥር ያለችው ትንሽ ዕቃ እንዴት እንደምትሠራ ማወቅ ነበረብኝ።

በየቢሮው የምናገኘው ርካሽ ኪቦርድ ከሥሩ አንድ ወጥ የጎማ ምንጣፍ ነው። ሜካኒካል የሚባለው ግን ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊች አለው፤ በስዊቹ ውስጥ ሞላ፣ ከቁልፉ ጋር የሚወርድ ዘንግ፣ ሲገናኝ ምቱን ለኮምፒውተሩ የሚያስተላልፍ ብረት ይገኛል። እዚህ «አሮጌ» የምለው ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራውን ነው። «አዲስ» የምለው ደግሞ ባለፉት ዐሥር ዓመታት ገደማ የወጣውን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። አንድ ኪቦርድ ብቻ ገዝታችሁ የእንጀራ ሥራችሁን ልትሠሩበት ከሆነ አዲስ ግዙ። አሮጌ የሚያዋጣው አዲሱ ያልደረሰበትን ስሜት ፈልጋችሁ እንደሆነ ነው። እንዲህ ያለው ስሜት ደግሞ በኔ ቆጠራ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው።

ጥቁሩ ቸሪ

ቸሪ የተባለው ኩባንያ ኤምኤክስ የሚባለውን ስዊች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ማምረት ጀመረ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ስዊች የእሱ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው፤ የቁልፉ ቆብ፣ ማለትም ኪካፑ፣ የሚሰካበት የመስቀል ቅርጽ የመጣው ከዚያ ነው። ዓይነቶቹ በዘንጋቸው ቀለም ይለያሉ፤ ጥቁሩ ዓይነት መሃል ላይ ምንም ሳይነካችሁ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ምቱ የሚመዘገበው 60 ግራም ገደማ ኃይል ሲያርፍበት፣ 2 ሚሊሜትር ላይ ነው። እስከ ታች ያለው ጉዞ 4 ሚሊሜትር ነው።

አሮጌው ጥቁር ቸሪ በሰብሳቢዎች ዘንድ ትልቅ ስም አለው። ዋይዝ ከሚባለው ኩባንያ ተርሚናሎች (ከትልቅ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኙ የድሮ ስክሪንና ኪቦርድ) እና ጂ80 ከሚባሉት የቸሪ ኪቦርዶች ላይ እየተነቀለ፣ ታጥቦ፣ ግራሶ ተቀብቶ አዲስ ኪቦርድ ላይ ይገባል። ለልስላሴው ሁለት ምክንያት ይሰጣል። አንዱ፣ ለዓመታት በሥራ ላይ ስለነበረ ፕላስቲኩ እርስ በርሱ ተፋትጎ መለስለሱ ነው። ሌላው፣ ፋብሪካው ያኔ የሚጠቀምበት ሞልድ፣ ማለትም የፕላስቲኩ ማውጫ ቅርጽ፣ ገና አለማርጀቱ ነው፤ ሞልዱ እያረጀ ሲሄድ ከኋላ የወጡት ኤምኤክሶች ሻካራ እየሆኑ መጡ፣ ኩባንያውም በኋላ ሞልዶቹን ማደስ ነበረበት።

ዛሬ ግን ይህ ልዩነት ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። የቸሪ ፓተንት በ2014 አካባቢ ካበቃ በኋላ የቻይና አምራቾች ወደ ገበያው ጎረፉ። ጌትሮን የሚያወጣው ቢጫው ስዊች በጣም ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ለስላሳ ነው። የዚያው ኩባንያ ኦይል ኪንግ ደግሞ ከፋብሪካ ተቀብቶ ይመጣል። ቸሪም በ2023 ኤምኤክስ2ኤ ብሎ ከፋብሪካ የተቀባውን አወጣ። እኔ አሮጌ ጥቁር ቸሪና ኦይል ኪንግ በአንድ ኪቦርድ ላይ ጎን ለጎን ሰክቼ አንድ ሳምንት ሙሉ ጻፍኩባቸው። ጆሮዬ ይለያቸዋል፤ አሮጌው ድምፁ ትንሽ ወፈር ይላል። ጣቴ ግን ከሁለት ቀን በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ረሳው።

ድካሙንም አስቡት። 104 ቁልፍ ካለው አሮጌ ኪቦርድ ላይ ስዊቾቹን ለማውጣት ቢያንስ 208 የስታኞ ነጥብ አቅልጦ መምጠጥ ያስፈልጋል። ከዚያ እያንዳንዱን መክፈት፣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በብሩሽ ግራሶ መቀባት፣ መልሶ መግጠም አለ። ሥራው የሚያስደስተው ሰው አለ፤ እኔም ያስደስተኛል። ነገ የሚደርስ ሥራ ላለበት ሰው ግን አልመክረውም።

አልፕስ፣ እጅግ የምወደውና ያስለቀሰኝ

የጃፓኑ ኩባንያ አልፕስ የሠራው ስዊች ቢወራለት የሚገባው ነው። አፕል በ1987 ያወጣው ኤክስቴንድድ ኪቦርድ ላይ የነበረው ሳልመን የሚባለው ሮዝ መሳዩ ስዊች፣ ጣት ገና ከላይ ሲነካው ጠንከር ብሎ ይገታና በአንዴ ይለቃል። ቸሪ ቡኒው መሃል ላይ ትንሽ ሸካራ ነገር እንደነካን ያህል ብቻ ነው የሚሰማው፤ ሳልመን ግን «አሁን ተጫንክ» ብሎ በግልጽ ይነግራችኋል። ቀስ ብሎ፣ ቃል እያመዛዘነ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዱን ካገለገለ ዕቃ ሻጭ በኢንተርኔት ገዛሁ፤ አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ፎቶው ላይ ፏ ያለ ነበር። የአፕል አሮጌ ገመድ ወደ ዩኤስቢ የሚቀየርበትን መቀየሪያ ለብቻ ገዝቼ ሰካሁት፤ የመጀመሪያውን ቀን በደስታ ዋልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ውል አስረከብኩ። ደንበኛዬ ደውላ «አቅምም፣ ዓለምም፣ ሰላምም ምን ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። የ«ም» ቁልፍ አንድ ጊዜ ስመታው አልፎ አልፎ ሁለት ጊዜ ይመዘግብ ነበር። በእንግሊዝኛ ቢሆን የፊደል ማረሚያው ቀይ መስመር ያሰምርበት ነበር። በአማርኛ ግን «ሰላምም» ትክክለኛ ቃል ነው፤ ማንም አያስጠነቅቃችሁም፣ የራሳችሁ ዓይንም ያልፈዋል። እንዲህ ያለ ስዊች አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከሌላው ይልቅ አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው።

ቆቡን ነቅዬ ስዊቹን ስከፍተው ዘንጉ በሚንሸራተትበት ግድግዳ ላይ ግራጫ አቧራ እንደ ሊጥ ተጋግሯል፤ የዘንጉ ጎን ላይ የምላጭ ጭረት የመሰሉ ነጭ መስመሮች ነበሩ። አልፕስ አቧራ ይጠላል። አቧራ አንዴ ከገባበት ዘንጉን እየፋቀ ይሄዳል፤ ያ ጭረት በማጠብም በግራሶም አይመለስም። የአዲስ አበባን የበጋ አቧራ የሚያውቅ ሰው ይህን ከመግዛቱ በፊት ደጋግሞ ያስብበት።

መለዋወጫውም ይቸግራል። የአልፕስ ዘንግ ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ስለሆነ በየሱቁ ያለው የመስቀል ቀዳዳ ያለው ኪካፕ አይገጥምለትም። በካናዳ የሚገኘው ማቲያስ የአልፕስን መንገድ የተከተለ አዲስ ስዊች ይሠራል፤ ስሜቱን በከፊል ለሚፈልግ ደህና መውጫ ነው። ሳልመንን ግን አይተካም። ይህን ስጽፍ ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ንጹሕ ሆኖ የቆየ ሳልመን ላይ የጻፍኩበትን ሰዓት ያህል ኪቦርድ ላይ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከአዲሶቹ ውስጥ አቧራን በቁም ነገር ያሰበበት ካይል የተባለው አምራች ቦክስ ብሎ የሚያወጣው ስዊች ነው። ብረቱ የሚገናኝበትን ቦታ በትንሽ ሳጥን ከልሎታል፤ አቧራና ርጥበት ቶሎ አይደርስበትም። ነጩ ቦክስ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው፤ ድምፁ የሚወጣው በቀጭን የብረት ዘንግ ስለሆነ ከቸሪ ሰማያዊው የፕላስቲክ መንቀጫቀጭ ይልቅ ጥርት ያለ ነው። ድምፅ ያለው ስዊች ለሚፈልግ ጀማሪ መጀመሪያ የምጠቁመው ይህን ነው።

የአይቢኤም ሞላ

አዲሱ የስዊች አሠራር ገና ያልደረሰበት ያልኩት ስሜት ይህ ነው። አይቢኤም በ1981 ከመጀመሪያው ፒሲው ጋር ሞዴል ኤፍን፣ በ1985 ደግሞ ሞዴል ኤምን አወጣ። አሠራራቸው ከቸሪም ከአልፕስም ይለያል። ከቁልፉ ሥር የቆመው ሞላ ሲጫኑት ይጨመቃል፣ ይጨመቃል፣ ከዚያ በድንገት ወደ ጎን ይታጠፋል። ሲታጠፍ ሥሩ ያለችውን ትንሽ መዶሻ ይገለብጣታል፤ ምቱ የሚመዘገበውም ድምፁ የሚሰማውም በዚያችው ቅጽበት ነው። ብዙዎቹ ድምፃም ስዊቾች ድምፁን ለብቻ በተጨመረ ቁራጭ ነው የሚያወጡት። እዚህ ግን ድምፁ ራሱ ሥራው ነው። በየፍርድ ቤቱ በር ማመልከቻ ጸሐፊዎች የጽሕፈት መኪና ሲመቱ እየሰማ ያደገ ሰው ሞዴል ኤም ላይ ሲቀመጥ ጣቱ ቤቱ የገባ ይመስለዋል።

የሞላው ክብደት ከ65 እስከ 70 ግራም ነው። ለአንዳንዱ ጣት ይከብዳል፤ የእጅ አንጓ ሕመም ያለበት ሰው ሳይሞክረው አይግዛ። የቀድሞዎቹ ሞዴል ኤሞች ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ስለዚህ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው የሻንጣውን ኪሎ ያስላ።

አሮጌ ሞዴል ኤም ስትገዙ ገልብጣችሁ አወዛውዙት። ውስጡን የሚይዙት የፕላስቲክ መሰኪያዎች በዕድሜ ይሰበራሉ፣ ስብርባሪው ውስጡ ሲንኳኳ ይሰማል። ብዙ ከተሰበረ ሙሉውን ፈትቶ በቦታቸው ትናንሽ ብሎን ማስገባት ያስፈልጋል። የሚሰካበት ጫፍ ደግሞ ዩኤስቢ አይደለም፤ ርካሹ መቀየሪያ ብዙ ጊዜ አይሠራለትም፣ በውስጡ የራሱ ቺፕ ያለውን መግዛት ይሻላል። የቀድሞዎቹ የዊንዶውስ ቁልፍ የላቸውም፤ በዚያ ቁልፍ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መቀያየር የለመደ ሰው ሌላ አቋራጭ መመደብ አለበት። ብዙ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ለሚጫን የጌም ተጫዋች ሞዴል ኤም አይሆንም፤ ከሁለት በላይ ሲሆን የሚያመልጠው አለ። ሞዴል ኤፍ ይህ ችግር የለበትም፣ ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው።

ደስ የሚለው፣ አሠራሩ የድሮው ቢሆንም፣ ይህን ስሜት ለማግኘት የግድ ያገለገለ ኪቦርድ መግዛት አለማስፈለጉ ነው። በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት የሚገኘው ዩኒኮምፕ ከ1996 ጀምሮ የሞዴል ኤምን ሥራ ተረክቦ እስከ ዛሬ እያመረተ ነው፤ ዩኤስቢም የዊንዶውስ ቁልፍም አለው። ከቀድሞዎቹ ቀለል ይላል። ለሥራ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ከ1980ዎቹ ሞዴል ኤም በፊት ይህን እመክራለሁ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ግን አይችለውም፤ ሌሊት የምትሠሩና አጠገባችሁ የሚተኛ ሰው ያለ ከሆነ ይህን ክፍል ዝለሉት።

ማግኔቱ

አሁን የጌም ተጫዋቾች የሚሽቀዳደሙበት ሆል ኢፌክት የሚባለው የማግኔት ስዊች ብረት ከብረት አይነካካበትም። ማግኔቱ ሲወርድ ሴንሰሩ ምን ያህል እንደወረደ ይለካል። የኔዘርላንዱ ዉቲንግ ታዋቂ አደረገው፤ ምቱ ከ0.1 ሚሊሜትር ጀምሮ የት ላይ እንዲመዘገብ በሶፍትዌር ይመረጣል። ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም፤ የሃኒዌል ክፍል የነበረው ማይክሮ ስዊች በ1960ዎቹ መጨረሻ ኪቦርድ ላይ አውሎታል። የሚነካካ ብረት ስለሌለው የ«ሰላምም» ዓይነት ችግር አያመጣም። ለጽሕፈት ብቻ ከሆነ ግን ዋጋው አይገባኝም፤ አብዛኛው ቀጥ ብሎ የሚወርድ ብቻ ነው፣ ኪቦርዱም በአብዛኛው ተራውን ስዊች አይቀበልም።

ስትገዙ

አዲስ ከሆነ ስዊቹ ያለ ስታኞ የሚነቀልና የሚሰካበትን፣ ሆትስዋፕ የሚሉትን፣ ምረጡ። አናባቢው ሲበላሽ ያንን አንዱን ብቻ ትቀይራላችሁ። ስትሰኩ የስዊቹ ሁለት እግሮች ቀጥ ማለታቸውን እዩ፤ የታጠፈ እግር ብዙ ሰው «ኪቦርዴ ተበላሸ» የሚልበት ምክንያት ነው። ኪካፑ ፒቢቲ ከሚባለው ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል፤ ኤቢኤስ የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ በየቀኑ በሚመታ ጣት ቶሎ ያብለጨልጫል።

አሮጌ ከሆነ ፎቶ አይበቃም። ሻጩን ቆቦቹን ነቅሎ ከሥራቸው ያለውን እንዲያሳያችሁ፣ ከዚያ ከኮምፒውተር ጋር አያይዞ እያንዳንዱን ቁልፍ ሃያ ሃያ ጊዜ ሲመታ ስክሪኑን ጭምር በቪዲዮ እንዲቀርጽ ጠይቁት። የተመዘገበውን ቁጠሩ። ሃያ አንድ ከሆነ ቁልፉ ይደግማል፤ አሥራ ዘጠኝ ከሆነ ይዘላል። ሻጩ «የምሰካበት መቀየሪያ የለኝም» ካላችሁ ኪቦርዱን እንዳልተሞከረ ቆጥራችሁ ዋጋውን በዚያው ልክ ተከራከሩ፣ ካልሆነም ተዉት።