«ጣፋጭ በቆሎ» የተባለውን ዘር መዳፋችሁ ላይ ሳታዩ እንዳትገዙ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፣ ነገር ከደበላለቅኩ ታገሱኝ።

ጓሮዬ ውስጥ ጣፋጭ በቆሎ ብዬ ዘርቼ፣ ኮትኩቼ፣ ውሃ አጠጥቼ፣ ዛሬ የቀጠፍኩት ተራ የእህል በቆሎ ነው። ዱቄት የሚሆነው። ቢቀቅሉት ቢቀቅሉት አፍ ውስጥ ሊጥ ሊጥ የሚለው። በበቆሎው አልፈርድም፣ የተፈጠረው ለዱቄት ነው። ቂሜ ከሻጩ ጋር ነው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም። ፓኬቱ ላይ ጤዛ ያረፈበት ወርቃማ በቆሎ ፎቶ አለ። ገልበጥ ስታደርጉት የዝርያ ስም የለም፣ የታሸገበት ዓመት የለም፣ ከመቶ ስንቱ እንደሚበቅል የሚናገር የለም። «አንደኛ ደረጃ» የሚል ብቻ። ከማን ጋር ተወዳድሮ አንደኛ እንደወጣ እሱ ይወቀው።

እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አልገዛሁም። ፓኬቱን እንዲከፍትልኝ ጠይቄ ጥቂት ፍሬ መዳፌ ላይ አፈሰስኩ። ሮዝ ቀለም ተቀብተዋል። እሱ ችግር የለውም፣ አፈር ውስጥ እንዳይሻግቱ የሚደረግ መድኃኒት ነው። ግን ድንቡሽቡሽ ያሉ ናቸው። ቆዳቸው ውጥር ያለ፣ ለስላሳ። አንዳንዶቹ አናታቸው ላይ ትንሽ ሰርጎድ ብለዋል።

«የጣፋጭ በቆሎ ዘር የተጨማደደ አይደል እንዴ?» አልኩት።

ፈገግ አለ። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ዓይኔ ድረስ አመጣት። «እህቴ፣ እርስዎ የሚሉት ግርዱን ነው። ያልሞላ ዘር ነው። እሱን አበጥረን እንጥለዋለን። ይቺን ይዩዋት እስቲ፣ እንዴት እንደሞላች!» ከዚያ ዞር ብሎ ባልደረባውን ጠራ። «ስማ፣ የተጨማደደ ዘር አለን እንዴ? ደንበኛችን እሱን ነው የፈለጉት።» ያኛው ከሚሰፍርበት ጆንያ ቀና እንኳን ሳይል ሳቀ። ከኋላዬ የቆመው ሰውም አብሮ ሳቀ።

ተንኮሉን ልብ በሉልኝ። ተራ በቆሎ ሲበስል ስኳሩ ወደ ስታርች ይለወጣል። ስታርቹ ፍሬውን ስለሚሞላው ሲደርቅም እንደሞላ ይቀራል። ጣፋጭ በቆሎ ግን በተፈጥሮው ይህን ለውጥ በሙሉ አያካሂድም፣ የሚጣፍጠውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ውሃው ሲደርቅ ፍሬው ይኮማተራል። ሱፐር ስዊት የሚባለው ዝርያማ እጅ ላይ ክብደት እንኳን የለውም። መጨማደዱ የጣፋጭነቱ ማስረጃ ነው። ሰውየው ማስረጃውን ጉድለት አድርጎ ሸጠልኝ፣ በዚያ ላይ አሳቀብኝ።

ዘራሁት። በአንድ ረጅም መስመር ሳይሆን አጠር አጠር ባሉ መስመሮች ጎን ለጎን፣ ምክንያቱም በቆሎን የሚያዳቅለው ነፋስ ነው። ብናኙ ከላይ ካለው የወንዴ አበባ ረግፎ ጸጉሩ ላይ ማረፍ አለበት። እያንዳንዷ ጸጉር የአንዲት ፍሬ ናት፣ ብናኝ ያላገኘችው ቦታዋ ባዶ ይቀራል። የእኔ አንድም ክፍተት አልነበረውም። ሲያዩት እንዴት እንደሚያምር! ጸጉሩ ሲጠቁር ልባሱን ገለጥ አድርጌ ፍሬውን በጥፍሬ ወጋሁት፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጣ። ሰዓቱ ነው ማለት ነው። ጣፋጭ በቆሎ ከተቀጠፈ በኋላ ስኳሩ ቶሎ ስለሚቀንስ ውሃው መፍላት ሲጀምር ነው ሄጄ የቀጠፍኩት። ቀመስኩት። ምንም የለም።

በቆሎውንና ከፓኬቱ የተረፉትን ፍሬዎች ይዤ ተመለስኩ።

«አሳልፈሽ ቀጥፈሽው ነው» አለኝ፣ ገና ሳያየው። ወተቱን ነገርኩት። «እንግዲያው የጎረቤት በቆሎ ተዳቅሎበት ነው።»

ይሄኛው ከመሬት የተነሳ ውሸት አይደለም። የተራ በቆሎ ብናኝ ጣፋጩ ጸጉር ላይ ካረፈ ፍሬው በዚያው ወቅት ዱቄታም ይሆናል። ለዚህ ነው ሁለቱን የሚያራርቋቸው፣ ወይም ጸጉር የሚያወጡበትን ጊዜ 2 ሳምንት ያህል የሚያለያዩት። ያበገነኝም ይሄው ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የዘሩን መልክ አላውቅም ሊለኝ አይችልም።

የተረፉትን ፍሬዎች ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኳቸው። «እነዚህንም ጎረቤት ነው ያዳቀላቸው?»

አላየኝም። ፍሬዎቹን በመዳፉ ጠርጎ ወለሉ ላይ በተናቸው። «የተከፈተ ፓኬት አንመልስም።» የከፈተው እሱ ራሱ ነው እኮ! ከዚያ ከጎኔ ወደቆሙት አዛውንት ዞሮ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ «አባቴ፣ እርስዎ ምን ልስጥዎት?»

እንግዲህ ምክር ካስፈለገ፦ ካልተጨማደደ አትግዙ። የዝርያ ስምና ዓመት ከሌለውም አትግዙ፣ የጣፋጭ በቆሎ ዘር ሲቆይ የመብቀል አቅሙ ቶሎ ይደክማል። ዲቃላ ከሆነ ደግሞ ሰው ከምርቱ ያስቀረውን ዘር ቢሰጣችሁ እናቱን አይመስልም። ከዚሁ ዓይነት ፓኬት ገዝታችሁ ገና ያልዘራችሁ ካላችሁ፣ አሁኑኑ አውጥታችሁ እዩት። ሮዙን ቀለም እርሱት፣ ቅርጹን ነው የምታዩት። ድንቡሽቡሽ ካለ ጓሯችሁን በከንቱ አታስይዙ።