ባሕር ዳር የኔትወርክ ባለሙያ ለምትፈልጉ

ምስጋናም ጥቆማም ነው። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ከእህቴ ጋር አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለን። ፋይበር ገብቶልን ምድር ላይ ኢንተርኔቱ ሸጋ ነው። ላይኛው ፎቅ ግን እንግዳው ስልኩን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ሲንከራተት ያመሻል። ከዚህ በፊት የመጣ ሰው በየፎቁ ሪፒተር (ዋይፋይ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ እቃ) ሰካልን። ሲግናሉ ሙሉ ያሳያል፣ ገጽ ግን አይከፈትም። የራውተሩን ፓስወርድም ሳይነግረን ሄደ።

አሁን የሠራልን ልጅ ምንም ሳይነካ በፊት ክፍል ለክፍል እየዞረ ሲግናሉን በስልኩ ለካ። ሪፒተር በአየር የተቀበለውን መልሶ በአየር ስለሚልክ ፍጥነቱን ግማሽ ገደማ ይበላዋል አለን። ስለዚህ በየኮሪደሩ ኮርኒስ ላይ አክሰስ ፖይንት (ከኬብል ተቀብሎ ዋይፋይ የሚያሰራጭ እቃ) ሰቅሎ ሁሉንም በኬብል ከአንድ ስዊች ጋር፣ ማለትም ኬብሎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ሳጥን ጋር አገናኘ። መብራቱም የሚሄድላቸው በዚያው ኬብል ነው። ሞደሙን፣ ራውተሩንና ስዊቹን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ እቃ) ላይ ስላደረጋቸው መብራት ሲጠፋ የሦስቱም ፎቅ ዋይፋይ አይቋረጥም። ይህን ከተማችንን የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል!

ቻናሎቹን፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሠራባቸውን የአየር መስመሮች፣ 1፣ 6 እና 11 ብሎ ለየፎቁ አከፋፈለ፣ እርስ በርስ እንዳይረባበሹ። የሲግናሉን ኃይልም ቀነሰ። «ለምን?» ስለው፣ «አክሰስ ፖይንቱ ቢጮህ፣ የስልኩ ድምፅ መልሶ ካልተሰማው ምን ዋጋ አለው?» አለኝ።

እኔን ያስደሰተኝ ግን ኮንትሮል ፓነሉ ነው። የገዛነው እቃ ኦማዳ የሚባለው የቲፒ-ሊንክ ምርት ስለሆነ ሁሉም ከአንድ ገጽ ይታያል። የእንግዳውን ኔትወርክ ከቢሯችን ኮምፒውተርና ከካሜራው ለየው። አንድ ሰው ፊልም ሲያወርድ ሌላው እንዳይቸገር ለእያንዳንዱ ስልክ የፍጥነት ገደብ አደረገ። ከዚያ ሪሴፕሽን ላይ ከምትሠራው ልጅ ጎን ተቀምጦ ራሷ እንድትነካካው አደረገ። አክሰስ ፖይንቶቹን «ሁለተኛ ፎቅ ደረጃው ጋ» እያለች ስም ያወጣችላቸው እሷ ናት። አሁን አንዱ ሲያስቸግር መሰላል አንፈልግም፤ ከፓነሉ ላይ የዚያን ኬብል መብራት አጥፍታ ታበራዋለች፣ አለቀ።

ሲጨርስ እሱ ራሱ ከውጭ ሆኖ ወደ ኔትወርካችን የሚገባበትን መንገድ ዘጋ። ፓስወርዱን እኛው እንድንቀይረው አድርጎ ፊቱን አዞረ። የሴቲንጉን ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) በፍላሽ ሰጠን። የራሳችን ንብረት ቁልፍ እጃችን ላይ ሲገባ ምን ያህል እንዳረፍን!

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እህቴም «ክፉ አይንካው» ብላሃለች።

እቃ እሱ አይሸጥም። ዝርዝሩን ጽፎ ይሰጣል፣ እናንተ ትገዛላችሁ፤ የሚያስከፍለው ለሥራው ብቻ ነው። ስልኩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ትራንስፖርቱ ከተሸፈነለት ጎንደርም ደብረ ማርቆስም ይሄዳል። ቅዳሜና እሁድ ግን ትምህርት ላይ ስለሆነ ከሰኞ እስከ አርብ ቅጠሩት።