ናይትሮ ወይስ ባትሪ?

ለክለብ ውድድር በሪሞት የሚነዳ ባለ 1/8 ባጊ (ከእውነተኛው መኪና ስምንት እጥፍ ያነሰ፣ ከአስፋልት ውጪ የሚሮጥ ትንሽ መኪና) ልትገዛ ነው እንበል። ናይትሮው ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት የተቀላቀለበት ነዳጅ ይጠጣል። ድምፁ ልብ ያሞቃል፤ ጎረቤት ግን ያስመርራል። ካንዴላ ማጋል፣ ካርቡሬተሩን በካቻቢቴ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ ማለት፣ እጅን በዘይት መለቅለቅ የግድ ነው። ረጅም ፍጻሜ ላይ ግን ይመቻል፤ በሰከንዶች ነዳጅ ሞልቶ ይመለሳል።

የባትሪው ሰክቶ መንዳት ነው። ክለቦች ውስጥ ጀማሪ የሚወደውም ለዚህ ይመስለኛል። ባለ 4 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ሲሞላ 16.8 ቮልት ይደርሳል፤ ጉልበቱ ወዲያው ነው። ሊፖ ግን ንቀት አይወድም። ካበጠ አትጠቀምበት። ቻርጅ ላይ ጥለኸው አትሂድ፤ እሳት ያስነሳል። የሚከርም ከሆነ እያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ላይ ይቀመጥ።

እኔ ባትሪውን እገዛለሁ። የናይትሮ ሽታ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይናፍቀኛል።