ተራው ቫዝሊን ከሽቶው ሎሽን በለጠብኝ

ከኅዳር ጀምሮ እጄ የሰው እጅ አይመስልም። ጠመኔ የምይዝ መምህር ነኝ፣ ጠመኔ ደግሞ የቀረችውን ወዝ ሙጥጥ አድርጎ ይወስዳታል። ማታ ጋቢ ስደርብ የጣቴ ጫፍ ክሩን እየያዘ ይመዘዋል። ሽሮ ስበላማ በርበሬው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ እሳት ነው። ባሕር ዳር ያሉ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ምን ያድርጉ፣ እነሱ ታች ናቸው! እኛ ደብረ ማርቆሶች ከ2,400 ሜትር በላይ ተሰቅለን ጠዋት በዚያ በረዶ በሆነ የቧንቧ ውሃ እንታጠባለን።

መጀመሪያ የገዛሁት ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ሎሽን ነበር። ስሙን ተዉት። ስንጥቁ ላይ ሲያርፍ አንገበገበኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እጄ ተመልሶ አመድ መሰለ። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ምሳ ላይ እንጀራው ሽቶ ሽቶ ማለቱ ነው።

እናቴ "ምን አስለፋህ፣ ለጋ ቅቤ ተቀባ" አለችኝ። ተቀባሁ። አይካድም፣ ያለሰልሳል። ግን ሲያድር ይሸታል፣ ከአንሶላ አይለቅም፣ ዋጋውም እንደምታውቁት ነው። ወጥ ውስጥ ቢገባ ይሻላል።

ከዚያ ነው መድኃኒት ቤት ገብቼ ሽታ የሌለውን ተራ ቫዝሊን የገዛሁት። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ለውጥ የለም። ተመልሼ ሄጄ ስነጫነጭ ሻጯ ልጅ ሳቀችና "ጋሼ፣ ደረቅ እጅ ላይ ነው እንዴ የሚቀቡት?" አለችኝ። ለካ ቫዝሊን ውሃ የለውም፤ ሥራው ቆዳው ላይ ያለው እርጥበት ተኖ እንዳያልቅ መክደን ነው፣ እርጥበት ከሌለ ምኑን ይከድናል? አሁን በለብታ ውሃ ታጥቤ፣ በፎጣ መታ መታ አድርጌ፣ እጄ ገና ረጠብ እንዳለ እቀባለሁ። ማታ ወፈር አድርጌ ተቀብቼ አሮጌ የጥጥ ካልሲ እጄ ላይ አጠልቃለሁ። ባለቤቴ ቦክሰኛ እያለች ትስቅብኛለች፣ ትሳቅ። በሳምንቱ ጋቢው ክሩን መልቀቅ ተወ።

እንከን የለውም አልልም። ያጣብቃል። ፈተና ሳርም የአንዱ ተማሪ ወረቀት ላይ የአውራ ጣቴ ቅባት ታትሞ ቀረ፣ ልጁም "መምህር፣ ምን እየበሉ ነው ያረሙት?" አለኝ። ስልኬም አሻራዬን አላውቅህም ይላል። ስለዚህ ቀን ቀን በውሃ የቀጠነ ግሊሰሪን ይሻለኛል፣ ቫዝሊኑ የሌሊት ነው። ልብስ የሚያጥብ ሰው ደግሞ የጎማ ጓንት ካላደረገ ማታ የቀባውን ጠዋት ሳሙናው ይገፈዋል። እጁ ያበጠ ወይም መግል የያዘ ካለ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ይኼ የቫዝሊን ሥራ አይደለም።

የኔው ዕቃ ገና ግማሽ አለው። ትንሿ ልጄ ዳቦ ላይ ቀብታ ስለያዝኳት ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቅዬዋለሁ።